ሆንግ ኮንግ በአንድ ቀን ተኩል፦ ከሁሉም ጀልባው

ቻይና ጓንጁ ከተማ ዕቃ ለመግዛት የምንመላለስ ሰዎች ሆንግ ኮንግን የምናውቃት በአውሮፕላን መስኮት ነው። እኔም እስካለፈው ጥቅምት ድረስ እንደዚያው ነበርኩ። ዘንድሮ ግን ከእትዬ ጋር ሄደን ስንመለስ ትኬታችን ከሆንግ ኮንግ የሚነሳ ስለነበር፣ ማክሰኞ ቀትር ላይ ገብተን እሮብ ሌሊት እስክንበር ድረስ ከተማው ውስጥ ቆየን።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የሀበሻ ቀሚስ እንሠራለን። እሷ ትቆርጣለች፣ ጥለቱን ትመርጣለች፣ እኔ እሸጣለሁ፣ ሒሳቡን እይዛለሁ። ከተመለስን ጀምሮ ሱቅ የመጣ ሁሉ "እና እንዴት ነው፣ ወርዶ ማየቱ ያዋጣል?" ይለኛል። ለእያንዳንዱ ከምደግመው አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ያዋጣል። ግን ያላችሁ አንድ ቀን ከሆነ ወደቡን ያዙ፣ ሌላውን ተዉት። ገንዘባችንም ጊዜያችንም የባከነው ከወደቡ በራቅን ቁጥር ነው። አንድ ቦታ ብቻ ከዚህ ውጭ ነው፣ እሱን እነግራችኋለሁ። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፣ ሰዓቱን ግን በእኛ።)

ከጓንጁ ደቡብ ጣቢያ በፈጣኑ ባቡር ነው የመጣነው። አንድ ሰዓት ያህል ነው። መስመሩ በ2018 የተከፈተ ነው። የሚወርዱበት ጣቢያ ዌስት ካውሉን ይባላል፣ የቻይና መውጫውም የሆንግ ኮንግ መግቢያውም እዚያው አንድ ጣሪያ ስር ነው፣ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው በእግር ነው የሚሄዱት። የመግቢያ ወረቀታችንን ከአገር ቤት ጨርሰን ስለሄድን አላስቸገሩንም። ፓስፖርት ላይ ማህተም አይመቱም፣ ትንሽ ቁራጭ ወረቀት ነው የሚሰጡት። እንዳትጥሏት።

እንደወጣን የእትዬ ስልክ ይጮህ ጀመር። ቻይና ውስጥ ቴሌግራም ዝግ ነው፣ እዚህ ግን ይሠራል፣ የአሥራ አንድ ቀን መልእክት በአንዴ ነው የገባው። ግድግዳ ተደግፋ ቆማ የልጆቿን ድምፅ አንድ በአንድ ሰማች። ሃያ ደቂቃ እዚያው ቆምን። አልቸኮልኩባትም።

ስለ ብር መቀየር በደንብ ስሙኝ፣ ምክንያቱም የተናደድኩበት ነገር ነው። የቻይናው ዩዋንና የሆንግ ኮንግ ዶላር ለየብቻ ናቸው። የሆንግ ኮንጉ ከአሜሪካን ዶላር ጋር ከ1983 ጀምሮ የታሰረ ነው፣ አንዱ የአሜሪካን ዶላር 7.80 አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ስንት ማግኘት እንዳለባችሁ በቀላሉ ታሰላላችሁ። ትልቁ መንገድ ላይ አንድ ትንሽ መቀየሪያ ገባን። ውጭ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ዋጋ ጥሩ ነበር። 300 የአሜሪካን ዶላር በመስኮቱ አስገባሁ። የተመለሰልኝን ስቆጥረው ሰሌዳው ካለው በጣም ያነሰ ነው። "ይሄ የምንሸጥበት እንጂ የምንገዛበት አይደለም፣ ኮሚሽንም አለ" አለኝ ልጁ። ብሬን መልስልኝ ስል ደረሰኙ ወጥቷል ብሎ እምቢ አለ። ስለዚህ እናንተ ብራችሁን ከመስጠታችሁ በፊት በካልኩሌተር ላይ "ለዚህ ስንት በእጄ ትሰጠኛለህ?" ብላችሁ አስጽፉት። ቁጥሩን ሳያዩ ብር ከእጅ አይወጣም። በማግስቱ ሌላ ቦታ እንደዚያ አድርገን ምንም ችግር አልገጠመንም።

ብሩን እንዳገኛችሁ መጀመሪያ የምትገዙት ኦክቶፐስ ካርድ ነው። ከ1997 ጀምሮ ያለ ነው። 50 ዶላር መያዣ ይወስዳሉ፣ ከዚያ የፈለጋችሁትን ትሞሉበታላችሁ። ባቡሩ፣ አውቶቡሱ፣ ትራሙ፣ ጀልባው፣ ውኃ የምትገዙበት ኪዮስክ፣ ሁሉም በእሱ ነው። አስጠጋችሁት "ዱት" ይላል፣ አለቀ። ሳንቲም ፍለጋ የለ፣ መልስ የለኝም የሚል ረዳት የለ። ይሄንን ካርድ በጣም ነው የወደድኩት።

ማደሪያው ግን አሳዝኖኛል። ስሙን አልጽፍም። በስልክ ያየነው ፎቶ ላይ መስኮት ነበረው፣ የተሰጠን ክፍል መስኮት የለውም። አልጋው ሦስቱንም ግድግዳ ይነካል። ሻንጣ ከፍቶ መሬት ላይ ማስቀመጥ አይቻልም፣ አልጋው ላይ ከፍተን ልብስ አውጥተን ዘግተን ማቆም ነበረብን። ሻወሩ ደግሞ ከመጸዳጃው መቀመጫ በላይ ነው የተሰቀለው፣ ስትታጠቡ ሁሉም ይርሳል። ንጹሕ ነው፣ ያንን አልክድም፣ አንሶላው ፀሐይ የነካው ይመስል ነበር። ጠባብነቱ የከተማው ነገር መሆኑም ይገባኛል። ሕዝቡ 7 ሚሊዮን ተኩል ነው፣ መሬቱ ተራራና ደን ስለሚበዛበት ሰው የሠፈረበት ከሩብ አይበልጥም። ግን መስኮት ያለው ፎቶ አሳይቶ መስኮት የሌለው መስጠት የመሬት ጥበት አይደለም። ስትይዙ ክፍሉ ስንት ካሬ እንደሆነና መስኮት እንዳለው በጽሑፍ ጠይቁ።

እትዬ ማታ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ "እህቴ፣ ይሄ ሁሉ ሰው እንዲህ ነው የሚተኛው?" አለችኝ። እንዲህ ነው። ለዚህ ይመስለኛል ሰዉ ሁሉ ውጭ የሚውለው።

ሰዉን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። የጥምቀት ዕለት ታቦት ሸኝተን ከፋሲለደስ መዋኛ ወደ ፒያሳ ስንመለስ ያለውን ሰው ታውቁታላችሁ። ሞንግ ኮክ የሚባለው ሠፈር ማክሰኞ ማታ እንደዚያ ነው። በዓል አይደለም፣ ምንም አይደለም። ግን አንድም ሰው አልገፋንም። ደረጃው ላይ የቆመ በቀኝ ይቆማል፣ የቸኮለ በግራ ያልፋል። ባቡሩ ሲቆም የሚወርደው ወርዶ እስኪያልቅ የሚሳፈረው ግራና ቀኝ ተሰልፎ ይጠብቃል። እትዬ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ነበር የወጣችው፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ረስታው ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል።

መንገድ ስትሻገሩ ግን ተጠንቀቁ፣ መኪናው በግራ ነው የሚሄደው። እኛ የለመድነው ወደ ግራ አይቶ መግባት ነው፣ እዚያ መጀመሪያ የሚመጣባችሁ ከቀኝ ነው። አስፋልቱ ላይ ወዴት ማየት እንዳለባችሁ ተጽፏል። መብራቱም ድምፅ አለው። ቀይ ሲሆን ቀስ ብሎ "ቲክ፣ ቲክ" ይላል፣ አረንጓዴ ሲሆን ልክ የስፌት መኪና በፍጥነት እንደሚሮጠው ይንጣጣል። ለዓይነ ስውራን የተሠራ ነው። እትዬ እንደሰማችው "ሲንጀር ነው!" አለች። ከዚያ በኋላ መብራቱን ሳታይ በድምፁ ነበር የምትሻገረው።

ከወደቡ ውጭ ያዋጣል ያልኳችሁ አንድ ቦታ ሻም ሹይ ፖ ነው። በእኛ ሥራ ያለ ሰው ይህን ሠፈር ሳያይ ቢመለስ ያሳዝናል። ከባቡር ጣቢያው ስትወጡ ዩ ቻው የሚባለው ጎዳና ዶቃ ብቻ ነው፣ ናም ቾንግ ሪቫንና ዳንቴል፣ ኪ ሉንግ ጨርቅና ቁልፍ። እሑድ ብዙዎቹ ዝግ ናቸው፣ ጠዋትም ከ4 ሰዓት በፊት አትሂዱ። አንዳንዶቹ በጅምላ ብቻ ስለሚሸጡ አምስት ሜትር ስጡኝ ብትሉ እጃቸውን ያወዛውዛሉ፣ ቅር አይበላችሁ፣ ቀጣዩ ሱቅ ይሸጣል።

እትዬ ከጎንደር ይዛው የመጣችው አንድ መዳፍ የሚያህል የጥለት ቁራጭ ነበር። ወይን ጠጅ ቀለም ነው፣ አንዲት ደንበኛችን ለሠርግ የፈለገችው፣ ጓንጁ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ፈልገን ያጣነው። አንድ ሽማግሌ ሱቅ ገባን። ቋንቋ አንግባባም። እትዬ ቁራጩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላቸው። ሰውየው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና ቁራጩን ወደ በር ወሰዱት፣ በቀን ብርሃን ሊያዩት። ያኔ እትዬ በክርኗ ነካ አደረገችኝ፣ ሰውየው ሥራውን እንደሚያውቁ የገባት በዚያ ነው። ተመልሰው አንድ ወፍራም የክር ናሙና መዝገብ አወጡ፣ ገለጡ፣ ገለጡ፣ ጣታቸውን አንዱ ላይ አሳረፉ። እሱ ነው። እትዬ ግን ቀለሙን አይታ ብቻ አትገዛም። ክሩን በምራቋ አረጠበችና የነጠላዋ ጫፍ ላይ፣ ነጩ ላይ፣ አሸችው። አለቀቀም። ሽማግሌው ይህን ሲያዩ ወደ ጓዳ ገብተው በስኒ የሞቀ ውኃ አመጡላት፣ ክሩን ነክረው አቆዩት፣ ውኃው ኩልል እንዳለ ቀረ። ሁለቱም ምንም ሳይነጋገሩ ተሳሳቁ። ሃያ አራት ጥቅል ገዛን። ዋጋው ከጓንጁ ይወደዳል፣ አልዋሻችሁም፣ ግን እንዲህ ዓይነት ሻጭ ጋ ሲገዛ ደስ ይላል። "ምጎይ" ነው አመሰግናለሁ ማለት። ለአገልግሎት የሚባለው ነው። አንዴ ብትሉት ፊታቸው ሲፈታ ታያላችሁ።

እንግዲህ ወደ ጀልባው።

ስታር ፌሪ ይባላል። እኛ ባደርንበት በካውሉን በኩል ቺም ሻ ቹይ ከሚባለው ጫፍ ይነሳና ባሕሩን አቋርጦ ማዶ ደሴቱ ላይ ያለው የከተማው መሐል፣ ሴንትራል ያደርሳል። አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ዋጋው ፎቁ ላይ እንኳ ከ10 የሆንግ ኮንግ ዶላር በታች ነው። እዚያ ከተማ ውስጥ አንድ ማኪያቶ በስንት እንደሚሸጥ ስታዩ ይህን ዋጋ ማመን ያቅታችኋል።

እትዬ ውኃ ትፈራለች። ልጆች ሆነን አባባ ጎርጎራ ወስዶ ጀልባ ሊያሳፍረን ሲል አልቅሳ ዳር የቀረችው እሷ ናት። እዚህም መግቢያው ጋ ስንደርስ "አንቺ ሂጂና ተመለሽ፣ እኔ እዚሁ ሰዓቱ ስር እጠብቅሻለሁ" አለችኝ። ሰዓቱ የምትለው የድሮው ባቡር ጣቢያ ሲፈርስ ብቻውን የተረፈውን ማማ ነው፣ በ1915 የተሠራ፣ 44 ሜትር ቁመት ያለው። ለምኜ አይሆንልኝም አልኩ። ወዲያው ግን አንዲት በጣም ያረጁ እናት የአትክልት ዘንቢል አንጠልጥለው በፊታችን አለፉ፣ ካርዳቸውን "ዱት" አድርገው ገቡ። እትዬ በዓይኗ ሸኘቻቸው። ከዚያ ነጠላዋን አጣፋችና ተከተለቻቸው። እኔ ኋላ ቀረሁ።

ወንበሩ እንጨት ነው፣ ሰው ሲቀመጥበት ኖሮ የለሰለሰ። መቀመጫው ላይ የተበሱት ትንንሽ ቀዳዳዎች የኮከብ ቅርጽ አላቸው። ጀልባው ፊትና ኋላ የለውም። አይዞርም፣ እንደሄደ በሌላው አፉ ይመለሳል። ስለዚህ የወንበሩ መደገፊያ ይገለበጣል፣ የሚሳፈረው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው እሱን ነው፣ በአንድ እጁ ገፋ ሲያደርገው "ቀጭ" ብሎ ወዲያኛው ይዞራል፣ ፊቱን ወደሚሄድበት አድርጎ ይቀመጣል። ሲደርስ ደግሞ ሰማያዊ የባሕረኛ ልብስ የለበሰ ሠራተኛ ጫፉ ላይ ሜንጦ ያለው ረጅም ዘንግ ይዞ ገመዱን ይይዝና ብረቱ ላይ ይጠመጥመዋል፣ መረማመጃው ይወርዳል፣ ሰው ይፈስሳል። ቀኑን ሙሉ እንደዚህ ነው። ሁለት ደቂቃ እንኳ አይባክንም።

ውኃው ላይ ሲሆኑ ከተማው ዝም ይላል። ግራና ቀኝ ያ ሁሉ ፎቅ፣ ከኋላው ተራራ፣ መሐል ላይ እናንተና ነፋሱ። የዕቃ ጀልባ ያልፋል፣ የእናንተው ወዝወዝ ይላል። እትዬ መጀመሪያ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። መሐል ላይ ስንደርስ ለቀቀችኝ።

የኩባንያው መቋቋሚያ 1888 ነው። ይህን ዓመት ሳይ የጎንደር ልጅ ነኝና ሌላ ነገር ነው የመጣብኝ። በዚያው ዓመት፣ በእኛ ጥር 1880፣ ድርቡሽ ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጥሏል። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንብ አዳናት እየተባለ ሲነገረን ያደግነው የዚያን ጊዜ ነው። ለእትዬ ነገርኳት። ዝም ብላ ውኃውን ስታይ ቆየችና "ቅድመ አያታችን በጀርባ ታዝለው ወገራ የሸሹት ያኔ አይደለም እንዴ?" አለችኝ። ያኔ ነው። እኛ ቤት ሲሸሽ እዚህ ሰው ማሻገር ተጀምሮ ነበር፣ ይኸው እስከ ዛሬ ያሻግራል። ከተማው እንግሊዝ እጅ ነበር፣ በ1997 ወደ ቻይና ተመለሰ፣ ጀልባው አልቆመም። በ1966 የፎቁን ዋጋ 5 ሳንቲም ሊጨምሩበት ሲሉ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ረብሻ ተነስቷል። ሰው ለአምስት ሳንቲም እንዲያ የሚሆነው ነገሩ የራሱ ሲሆን ነው። ከባሕሩ ስር የመኪና መንገድ የተከፈተው በ1972 ነው፣ እስከዚያ መሻገሪያው ጀልባ ነበር። ባሕሩም በአፈር እየተሞላ ጠብቧል፣ የሴንትራል ማረፊያው በ2006 ወደ ውኃው ገፋ ብሎ እንደ አዲስ የተሠራው ለዚህ ነው። ጉዞው ድሮ ይረዝም ነበር ማለት ነው። ቢረዝም ደስ ባለኝ።

አራት ጊዜ ተሳፈርን። ሁለተኛውን ጠይቃ ያሳፈረችኝ እትዬ ናት። በምሽት አንድ ጊዜ ሂዱ፣ በቀን አንድ ጊዜ። ማታ 2 ሰዓት ላይ ፎቆቹ ላይ የሚታይ የመብራት ትርኢት አለ፣ ሰው ዳር ዳሩን ተጨናንቆ ይጠብቀዋል። ቆመን አየነው፣ ያን ያህል አይደለም። በዚያ ሰዓት ውኃው ላይ ብትሆኑ ይሻላል፣ መብራቱ ከላይም ከስርም ነው የሚታያችሁ።

እሮብ ጾም ነው፣ እትዬም እኔም እንጾማለን። ፈርቼ ነበር፣ ግን ከጠበቅሁት በላይ ቀላል ሆነ። የቡድሂስት ጾም ቤቶች አሉ፣ "ጃይ" ነው የሚሉት። ሥጋ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ የማይነኩ አሉ። ከ6 ሰዓት በኋላ አንዱ ጋ ገባን። "ሎ ሃን ጃይ" የሚሉት እንጉዳይ፣ ቶፉ፣ ቀጭን ፓስታ የመሰለ ነገርና አትክልት አንድ ላይ የተሠራ ነው፣ ልክ እንደ አልጫ ለስለስ ያለ። ቀጥሎ የመጣው ሳህን ግን ጥብስ ዳክዬ ነው የሚመስለው። ቆዳው ሳይቀር። እትዬ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው። "ይሄ ሥጋ ነው፣ አልነካም።" አስተናጋጇ ነገሩ ገባት መሰለኝ፣ ወጥ ቤት ገብታ አንድ ደረቅ፣ ቢጫ፣ እንደ ብራና የታጠፈ ነገር ይዛ መጣች። የአኩሪ አተር ወተት ሲፈላ ከላይ የሚይዘው ሽፋን ነው፣ እሱን እያነባበሩ ነው ዳክዬ የሚያስመስሉት። እትዬ ቆርሳ አሸተተችው። ከዚያ በላች፣ ጨረሰችም። ዋጋው መካከለኛ ነው፣ ሻዩ በነጻ ይሞላል። በርበሬ ግን ይዛችሁ ሂዱ።

ከተማውን ቁልቁል ለማየት ሰው የሚወጣበት ተራራ ላይ አልወጣንም። በገመድ የሚጎተተው ባቡር፣ እሱም 1888 የተጀመረ ነው፣ ሰልፉ መንገድ ድረስ ወጥቶ ነበር። አርባ ደቂቃ ቆመን ብዙም አልተንቀሳቀስንም፣ ትተነው ሄድን። ጊዜ ካላችሁ 15 ቁጥር አውቶቡስ ከሴንትራል ያወጣችኋል። እኔ ግን ከጎንደሩ ጎሃ ኮረብታ ሆኖ ከተማ ቁልቁል ማየት ለለመደ ሰው አንድ ቀኑን በሰልፍ ላይ እንዲጨርስ አልመክርም። በምትኩ ትራሙን ያዙ። ባለ ፎቅ ነው፣ ጠባብ፣ ከ1904 ጀምሮ ያለ። ከኋላ ትገባላችሁ፣ ስትወርዱ ከፊት ትከፍላላችሁ፣ የትም ብትወርዱ ዋጋው አንድ ነው። ፎቁ ላይ ከፊት ተቀምጣችሁ ገበያውን፣ የተሰጣውን ልብስ፣ የደረቀ ዓሣ ሻጩን ሁሉ ከቅርብ ታያላችሁ።

ወደ ኤርፖርት ፈጣን ባቡር አለ፣ ከሴንትራል አጠገብ 24 ደቂቃ ነው፣ ከ100 ዶላር በላይ ያስከፍላል። እኛ ከካውሉን በኤ21 አውቶቡስ ነው የሄድነው፣ በጣም ይረክሳል። ሻንጣችሁን ታች መደርደሪያ ላይ ታደርጋላችሁ፣ ፎቅ ወጥታችሁ በስክሪን ታዩታላችሁ። ሃያ አራት ጥቅል ክር ታች ትታ የወጣች ሴት ያ ስክሪን ምን ያህል እንደሚያሳርፋት አይቻለሁ። በመንገዱ ላይ የቺንግ ማ ድልድይ አለ፣ መሐሉ ብቻ 1,377 ሜትር ነው፣ ከስሩ መርከብ ያልፋል። በሌሊት ስንሻገረው እትዬ ከመስኮቱ ቁልቁል እያየች ነበር።

ካርዳችንን መያዣውን ለማስመለስ አልደረስንም፣ ሰዓት ሄዶብን ነበር። በእሷ ካርድ ላይ 46 ዶላር ቀርቶበታል። በሚያዝያ የምትሄድ ካለች ሱቅ ብቅ ትበልና ትውሰደው፣ ለጀልባው ይበቃታል።